ስለ ሌኖቮ ታብሌት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከጎጃም ሆኖ ለሚገዛ ሰው

በደብረ ማርቆስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ወላጆችም ሆነ ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል ታብሌት ለመግዛት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ያማክረኛል፤ ምክሬ በአብዛኛው ሌኖቮ ስለሚሆን «ምነው እሱን?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶልኝ አያውቅም። ከዚህ በታች ያሉት በተደጋጋሚ የተጠየቅኋቸው ሲሆኑ መልሶቹ የሦስት ዓመት አጠቃቀሜና ለሌሎች ስገዛ ያየሁት ውጤት ናቸው። ከድርጅቱም ሆነ ከነጋዴ የተቀበልሁት አንዳች ነገር የለም።

ሌኖቮ የላፕቶፕ ድርጅት አይደለም እንዴ?

ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤጂንግ ውስጥ የተመሠረተ፣ በ2005 የአይቢኤምን የግል ኮምፒውተር ክፍል ከነቲንክፓድ ላፕቶፑ የገዛ፣ በኮምፒውተር ሽያጭም ዛሬ በዓለም ግንባር ቀደም የሆነ ድርጅት ነው። ስለዚህ ትንሽና ምስኪን ድርጅት ነው ብዬ ጥብቅና አልቆምለትም። የተገፋው በታብሌቱ ነው። አፕል የመጀመሪያውን አይፓድ በ2010 ካወጣ ወዲህ በብዙ ሰው አእምሮ ታብሌት ማለት አይፓድ ሆኗል፤ ለእሱ አቅሙ የማይፈቅድለት ደግሞ ሳምሰንግ ይላል፤ ሦስተኛ ስም የሚጠራ ሰው በእኛ ከተማ እምብዛም አላጋጠመኝም። ሌኖቮ ግን ታብሌትን በራሱ መንገድ አስቦ የሠራባቸው ጊዜያት አሉ። በ2013 ያወጣው ዮጋ ታብሌት በአንድ ጎኑ እንደ በትር የተድበለበለ እጀታ ነበረው፤ ባትሪው በዚያ እጀታ ውስጥ ስለተቀመጠ ባለ አሥር ኢንቹ 9,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ይይዝ ነበር፣ እጀታውም ለመያዣና ለማቆሚያ ያገለግል ነበር። ገበያው ሁሉ ስለ ቅጥነት በሚያወራበት ዘመን ስለ ባትሪ ያሰበ ድርጅት ቢያንስ መብራት የሚጠፋበት አገር ሰው ሊያየው ይገባል እላለሁ።

አይፓድ ይበልጣል የሚሉት ታዲያ ተሳስተዋል?

አልተሳሳቱም። የአይፓድ ፕሮሰሰር ፈጣን ነው፣ ስክሪኑም ጥሩ ነው፣ ለሥዕልና ለቪዲዮ ቅንብር የተሠሩት መተግበሪያዎች የሚመጥናቸው በአንድሮይድ በኩል በቀላሉ አይገኝም። የሶፍትዌር ማሻሻያ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አይፓድ ኤር 2 እስከ 2021ዱ አይፓድ ኦኤስ 15 ድረስ ማሻሻያ ሲያገኝ ቆይቷል። ሥዕል የሚሠራ ወይም ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ገንዘቡ ካለው አይፓድ ይግዛ፤ እኔም ይህንኑ እመክረዋለሁ።

የማልስማማው «ይበልጣል» የሚለው ቃል የሚለካበትን ሥራ ሳይጠቅስ ሲነገር ነው። አብዛኛው ጠያቂዬ የሚፈልገው የመማሪያ መጻሕፍትን ለማንበብ፣ የተቀዳ ትምህርት ለማየት፣ ማስታወሻ ለመጻፍና አልፎ አልፎ ኢንተርኔት ለመጠቀም ነው። ለዚህ ሥራ ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይልቅ ወሳኝ የሚሆኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ያህል ነገር በውስጡ ይዟል፣ ዕቃው ሲጎድልበት በቅርብ ገበያ ይገኛል ወይ የሚሉት።

መብራት ሲጠፋ ምን ያህል ይቆያል?

ታብ ኤም 11 የሚባለው ባለ 11 ኢንቹ የሌኖቮ ሞዴል 7,040 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ከእሱ ቀደም ብሎ የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ታብ ኤም 10 ፕላስ 7,700፣ ትንሹ ታብ ኤም 9 ደግሞ 5,100 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ አላቸው። እኔ ዋይፋዩን ዘግቼ፣ ብርሃኑን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጌ ሳነብበት ጠዋት ሞልቼ የወጣሁት ማታ ቤት ስገባም ይሠራል።

ፓወር ባንክ ለሚጠቀም ሰው አንድ ስሌት ልጨምር፤ ነጋዴዎች የሚናገሩት ቁጥር ብዙውን ሰው ያሳስታልና። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተባለ ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል፤ ኃይሉ ወደ ታብሌቱ ሲተላለፍ ሲሶ ያህሉ በመንገድ ይባክናል ብንል 50 ገደማ ይቀራል። የታብ ኤም 11 ባትሪ 27 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ አንድ ጊዜ ሙሉ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ከግማሽ በላይ ይሞላዋል ማለት ነው። በክረምት መብራት ለሁለት ቀን በሚጠፋበት ጊዜ ይህን ያህል ኃይል መኖሩ ፈተና የደረሰበትን ልጅ ከጭንቀት ያድነዋል። ቻርጅ ሲደረግ ግን ፈጣን አይደለም፤ ስለዚህ ማታ መብራት ካለ ሰክቶ መተኛትን ማስለመድ ያስፈልጋል።

ስለ ሜሞሪ ካርድ ለምን ይህን ያህል ይነገራል? ፋይል በኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ አይቻልም?

ይቻላል፤ ነገር ግን ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው በስንት ቦታ ኔትወርኩ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር ለሚሄድ ደግሞ ይብሳል። የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የቆየባቸውን ወራትም በአማራ ክልል የኖርን ሁሉ አንረሳቸውም። በዚያ ጊዜ የጠቀመን በእጃችን ያለው ፋይል ብቻ ነበር።

አይፓድ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ ኖሮት አያውቅም። ሲገዛ 64 ጊጋባይት የሆነ አይፓድ እስኪጣል ድረስ 64 ነው። ከላይ የጠቀስኋቸው ሦስቱም የሌኖቮ ሞዴሎች ግን ማስገቢያ አላቸው፤ ታብ ኤም 9 እስከ 128 ጊጋባይት፣ ታብ ኤም 11 እና ሦስተኛው ታብ ኤም 10 ፕላስ እስከ አንድ ቴራባይት የሚደርስ ካርድ ይቀበላሉ። ሐቁን ለመናገር የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ ታብሌቶችም ይህ ማስገቢያ አላቸው፤ በዚህ ረገድ ክርክሬ ከሳምሰንግ ጋር አይደለም።

ጥቅሙን በዓይኔ ያየሁት በክፍሌ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የታተሙት መጻሕፍት ለሁሉም ተማሪ ስላልተዳረሱ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍትን በፒዲኤፍ ሰብስቤ በአንድ ካርድ ላይ አስቀመጥኋቸው። ካርዷ የጣት ጥፍር ታክላለች። አንዷ ተማሪ በአባቷ ስልክ፣ ሌላው በወንድሙ ታብሌት፣ ሦስተኛው በኮምፒውተር ቤት እየገለበጡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ጋ ደረሰ፤ ካርዷም ጠርዟ ተፋፍቆ፣ ከደብተር ላይ በተቀደደ ወረቀት ተጠቅልላ ተመለሰችልኝ። ለዚያ ሥራ አንድም ሜጋባይት ዳታ አልተገዛም።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። መተግበሪያዎች የሚጫኑት በታብሌቱ ውስጣዊ ማከማቻ ላይ ስለሆነና ካርዱ በዋናነት የፋይል ማስቀመጫ ስለሆነ፣ «ካርድ እጨምርበታለሁ» ብሎ 32 ጊጋባይቱን መግዛት ስሕተት ነው፤ ቢያንስ 64 ይሁን። በተጨማሪም በገበያ ላይ ፎርጅድ ካርድ ሞልቷል። ላዩ ላይ 256 የተጻፈበት ካርድ እውነተኛ መጠኑ 16 ወይም 32 ሊሆን ይችላል፤ ፋይሉን የተቀበለ መስሎ ካሳየ በኋላ ሲከፈት የተበላሸ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ካርዱን እስኪሞላ ድረስ ገልብጦበት መጨረሻ የገባውን ቪዲዮ ከፍቶ ማየት ይገባል።

የኤርፎን ቀዳዳ ይህን ያህል አስፈላጊ ነው?

ለእኛ አዎ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው አሥረኛው ትውልድ አይፓድ ላይ የተለመደውን 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ አስወግዶታል፤ የሳምሰንግ ውድ ታብሌቶችም ከዚያ ቀደም ብለው ትተውታል። ከላይ የጠቀስኋቸው የሌኖቮ ሞዴሎች ይህ ቀዳዳ አላቸው። ባለ ገመድ ኤርፎን በየሱቁ ይገኛል፣ ዋጋውም ቀላል ነው፣ ቻርጅ አይፈልግም። ሦስት ልጆች በአንድ ክፍል በሚያጠኑበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ለግእዝ ንባብ ይሆናል?

ጎጃም የቅኔ አገር በመሆኑ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት አይደለም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላትን በኮምፒውተር ለመጻፍና ለማንበብ በሚያስችለው የጋራ መለያ) ሦስተኛ እትም ውስጥ ስለተካተተ በዛሬ ታብሌቶች ላይ ያለ ምንም ችግር ይነበባል፤ ለመጻፍም የጉግል ኪቦርድ አማርኛን ስለሚያካትት ሌላ ነገር መግዛት አያስፈልግም። አንድ ዲያቆን ዘመዴ ዳዊቱን፣ ውዳሴ ማርያሙን፣ የሰዋስው መጽሐፉንና የኔታ ከሰጡት ደብተር ላይ ፎቶ ያነሣቸውን ቅኔዎች በታብ ኤም 9 ላይ ሰብስቧል። ሌሊት ጥቁሩን ገጽ ከነጭ ፊደል ጋር አድርጎ፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ ሲያነብ አጠገቡ የተኛውን ሰው አይቀሰቅስም። አባቱ ያንኑ ዳዊት የተማሩት በኩራዝ ጭስ ዓይናቸው እያለቀሰ እንደነበር ሲያጫውቱን ሰምቻለሁ።

በዚህ ሥራ ግን አይፓድ አንድ እውነተኛ ብልጫ አለው። የአይፓድ ስክሪን ቅርጹ አራት ለሦስት ስለሆነ ከወረቀት ገጽ ጋር ይቀራረባል፤ ሌኖቮ ግን ረዘም ጠበብ ያለ በመሆኑ በስካነር የተነሣ ሰፊ ገጽ ሲከፈትበት ከላይና ከታች ባዶ ቦታ ይተርፋል፣ ፊደሉም ያንሳል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ፤ እነዚያን በዝርዝር ለሚያጠና ሰው ከትንሹ ታብ ኤም 9 ይልቅ ባለ 11 ኢንቹን እመክራለሁ፤ ታብሌቱን አጋድሞ ገጹን ግማሽ ግማሽ አድርጎ ማንበብም ይረዳል።

ሲም ካርድ ይወስዳል?

የአንድ ሞዴል አንዱ ዓይነት ይወስዳል፣ ሌላው አይወስድም፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ በመልክ አንድ ናቸው። የሚለዩት በካርቶኑና በጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ በታተመው የሞዴል ቁጥር ነው። ለምሳሌ ታብ ኤም 11 «ቲቢ 330 ኤፍ ዩ» (TB330FU) ከሆነ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ «ቲቢ 330 ኤክስ ዩ» (TB330XU) ከሆነ ሲም ይወስዳል። ኤፍ ዋይፋይን፣ ኤክስ ደግሞ ሲምን ያመለክታል ብሎ ማስታወስ ይበቃል። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም በሚሠራባቸው ከተሞች ላለ ሰው ሲም የሚወስደው ይመቻል፤ ስልኩን እንደ ዋይፋይ ከፍቶ ለታብሌቱ ለሚያጋራ ሰው ግን ርካሹ ይበቃዋል።

ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የሚሠራ ሰው ታብሌት ምን ያደርግለታል?

መልሱን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን አሳይተውናል። የሚጠቀሙበት የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ያለ ኔትወርክ መረጃ ይመዘግባል፤ ኔትወርክ ወዳለበት ሲደርሱ የተመዘገበውን ይልካል። ማንኛውም ሰው ታብሌቱን በዚሁ መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል። ቅዳሜ ገበያ ወይም ከተማ ሲወጣ የሚፈልገውን አውርዶ፣ ሳምንቱን በሙሉ በቤቱ ያነባል።

ዋጋው ከሌሎቹ በምን ያህል ያንሳል?

ቁጥር ብጠቅስ በማግሥቱ ያረጃል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይህንኑ ተከትሏል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ በአንድ አይፓድ ዋጋ ሌኖቮ ታብሌቱን፣ ከቨሩን፣ ጥሩ ሜሞሪ ካርዱንና ፓወር ባንኩን መግዛት ይቻላል ወይ? እስካሁን ለሰዎች በገዛሁባቸው ጊዜያት ሁሉ ተችሏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ገንዘብም ቀርቷል።

በዚያው ዋጋ ያገለገለ አይፓድ ባገኝስ?

ባለቤቱ ከአፕል አካውንቱ መውጣቱን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። አይፓድ በቀድሞው ባለቤት አካውንት ከተቆለፈ አዲሱ ገዢ የይለፍ ቃሉን ካላገኘ በስተቀር አይከፈትም፤ ያ ባለቤት ደግሞ ውጭ አገር ያለ የማይታወቅ ሰው ሊሆን ይችላል። አንዲት ባልደረባዬ ከአንድ ሻጭ የገዛችው አይፓድ እንዲህ ሆኖባት እስከ ዛሬ በመሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል። አንድሮይድም በጉግል አካውንት በኩል ተመሳሳይ ቁልፍ ስላለው ያገለገለ ሌኖቮ የሚገዛም ሰው ይህንኑ ይፈትሽ። በተረፈ ያረጀ ባትሪ ባለበት ዕቃ ላይ ገንዘብ ማውጣት፣ ስሙ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን፣ አይታየኝም።

የሌኖቮ እውነተኛ ድክመቶች ምንድን ናቸው?

ትልቁ የሶፍትዌር ማሻሻያው ማጠር ነው። ታብ ኤም 11 ከአንድሮይድ 13 ጋር ወጥቶ እስከ አንድሮይድ 15 ብቻ እንደሚደርስ፣ የደኅንነት ማሻሻያውም እስከ ጥር 2028 እ.ኤ.አ. እንደሚቆይ ድርጅቱ አሳውቋል። ይህ ከአፕልም ሆነ ከሳምሰንግ አዳዲስ ታብሌቶች ያንሳል፤ ጥብቅና የምቆምለት ሰው ብሆንም በዚህ ነጥብ ላከራክር አልችልም። ለንባብ የሚገዛ ሰው ብዙ አይጎዳም፣ በታብሌቱ የባንክ ሥራ የሚሠራ ግን ያስብበት።

ፕሮሰሰሩም ዝግ ያለ ነው። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲከፈትበት ይንቀራፈፋል፤ ትልልቅ ጨዋታዎች አይመቹትም። በቀትር ፀሐይ ከቤት ውጭ ለማንበብም 400 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) የሆነው ብርሃኑ አይበቃም፤ ከዛፍ ጥላ ሥር መግባት ግድ ነው። የታብ ኤም 11 አቧራና የውኃ ጠብታ የመቋቋም ደረጃ ለካፊያ እንጂ ለክረምት ዶፍ አይሆንም።

ስክሪኑ ቢሰበር ይጠገናል?

ይጠገናል፣ ነገር ግን መጠበቅ ያስፈልጋል። የእኔው ከባጃጅ ስወርድ ወድቆ ሲሰነጠቅ ጠጋኙ ስክሪኑን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል። የሳምሰንግ ስክሪን በቅርብ የመገኘት ዕድሉ ይሻላል። ስለዚህ ከቨርና ስክሪን ፕሮቴክተር ከታብሌቱ ጋር በአንድ ቀን መገዛት አለባቸው፤ የሞዴሉን ሙሉ ስም ይዞ መሄድም አይዘንጋ፣ የኤም 10 ከቨር ለኤም 11 አይሆንምና።

ልጄ «ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ አይፓድ ካልሆነ አልፈልግም» ይላል። ምን ልበለው?

ይህን የጠየቁኝ አንድ አባት የጤፍ ነጋዴ ነበሩ፤ በብድር አይፓድ ሊገዙ ተነሥተው ነበር። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ በዚያ ዕድሜ የጓደኛ ዓይን ከባድ ነው። ታብሌቴን ሰጥቼው ከሰኞ እስከ ዓርብ እንዲጠቀምበት ብቻ ጠየቅሁት። ዓርብ ሲመልስልኝ ስለ ስሙ አላነሣም፤ የጠየቀኝ ያልጨረሰውን የኬሚስትሪ ቪዲዮ ወደ አባቱ ስልክ እንዴት እንደሚገለብጠው ነበር። አባትዮውንም «የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ በብድር አይግዙ» አልኋቸው። ታብ ኤም 11 ገዙለት።

ከሱቅ ከመውጣቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ ካልታየ አይግዙ። በመጀመሪያ የቋንቋ ማስተካከያውን ከፍተው አማርኛ መኖሩን ይመልከቱ። ሌኖቮ ለቻይና ገበያ ብቻ «ሺያውሺን ፓድ» በሚል ስም የሚሸጣቸው ታብሌቶች አሉ፤ የጉግል አገልግሎት የላቸውም፣ ቋንቋቸውም አብዛኛውን ጊዜ ቻይንኛና እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አንዳንድ ነጋዴ ሶፍትዌሩን ቀይሮ እንደ ዓለም አቀፉ አድርጎ ይሸጠዋል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በኋላ ማሻሻያ ሲጫንበት ሊበላሽ ይችላል። ቀጥሎ ፕሌይ ስቶርን ከፍተው በማስተካከያው ውስጥ መሣሪያው የተረጋገጠ መሆኑን ያንብቡ። ካርቶኑ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር በታብሌቱ ማስተካከያ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ስሙ በማይታወቅ ርካሽ ታብሌት ላይ «12 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ሜሞሪ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ይለፉት፤ በዚያ ዋጋ እንዲህ ያለ ዕቃ የለም። ኤርፎን ይዘው ይሂዱና ቀዳዳውን ይሞክሩ፣ ካርድዎንም አስገብተው አንድ መጽሐፍ ይክፈቱ፣ ቻርጀሩን ሰክተው መሙላት መጀመሩን ይዩ። በመጨረሻም ነጋዴው የታብሌቱን ተከታታይ ቁጥር በደረሰኙ ላይ በእጁ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት፤ ችግር ቢፈጠር «ይህ ከእኔ የተገዛ አይደለም» እንዳይልዎ።